ቋንቋው ሕግ አለው፤ መምህሩስ?



ከዚህ የጁባ አዳራሽ ወጥቶ የነጭ ዓባይን ዳር ይዞ ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሰው ረጃፍን ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1928 በሚያዝያ ወር የእንግሊዝ አስተዳደር ሹማምንትና ሚስዮናውያን፣ ከኡጋንዳና ከቤልጅግ ኮንጎ ከመጡ ሰዎች ጋር ሆነው እዚያ ተቀምጠው ነበር። አጀንዳቸው የደቡብ ሱዳን ልጅ በየትኛው ቋንቋ ይማር የሚል ነው። ዲድሪሽ ቬስተርማን የተባለው ጀርመናዊ የቋንቋ ሊቅም ለምክር ተጠርቶ መጥቷል። ዲንቃ፣ ባሪ፣ ኑዌር፣ ላቱካ፣ ሺሉክና ዛንዴ ለትምህርት ቤት ተመረጡ፤ የሚጻፉበት የላቲን ፊደልም ተወሰነ። ስለ ፊደልና ስለ መጽሐፍ ሹማምንቱና ሚስዮናውያኑ ወሰኑ። ጠመኔ ይዞ ልጆች ፊት የሚቆመው የአገሬው ሰው ግን አስፈጻሚ እንጂ ወሳኝ አልነበረም።

ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ሰው ነው።

ከረጃፍ ወዲህ የዚህ አገር የትምህርት ቋንቋ ስንት ጊዜ እንደተገለባበጠ ቁጠሩ። ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ በ1957 የሚስዮን ትምህርት ቤቶች በመንግሥት ተወረሱ፤ ዐረብኛም ደቡብን እንዲያጥለቀልቅ ተፈረደ። በ1972 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሰላም ስምምነት እንግሊዝኛን የደቡብ ክልል ዋና ቋንቋ አደረገው፤ ለአገሬው ቋንቋዎችም በር ከፈተ። በዚያ ዐሥር ዓመት ማሪዲ ላይ የክልል ቋንቋዎች ተቋም ተቋቁሞ ለሕፃናት የሚሆኑ መጻሕፍት ማዘጋጀት ጀመረ። በ1983 የሰሜንና የደቡብ ጦርነት ዳግመኛ ተነሣ። በ2011 የደቡብ ሱዳን ነፃነት መጣ፤ የሽግግሩ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6 የአገሬው ቋንቋዎች ሁሉ ብሔራዊ ቋንቋዎች ናቸው፣ ይከበራሉ፣ ይበለጽጋሉ አለ። በዚያው አንቀጽ ሥር እንግሊዝኛ የመንግሥት የሥራ ቋንቋና በየደረጃው የትምህርት ቋንቋ ሆነ። በ2015 ይፋ የሆነው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ሕፃናቱ እስከ ሦስተኛ ክፍል በአፍ መፍቻቸው ይማሩ ይላል።

ሕግ አልጎደለም ማለት ነው። ከስልሳ በላይ ቋንቋ ላለው አገር ይህን ያህል መጻፍም ቀላል ነገር አይደለም። የጎደለው ከሕጉ በታች ነው።

ነገሩን ከአንዲት መምህርት አንፃር እንየው። ባሪ አፏን የፈታችበት ቋንቋ ነው። ትምህርቷን ግን በእንግሊዝኛ ወይም በዐረብኛ ጨርሳለች፤ በባሪ አንድ ገጽ ጽፋ አታውቅም፤ ቋንቋውን እንዴት እንደሚያስተምሩት የነገራት የለም። አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ፣ «አንቺ የባሪ ልጅ አይደለሽ? አንደኛ ክፍልን ያዢ» ይላታል። ጎረቤት ክፍል ያለው የእንግሊዝኛ መምህር ከካምፓላም ከናይሮቢም የመጣ መማሪያ መጽሐፍ፣ የመምህር መምሪያ፣ መዝገበ ቃላትና ያለፈ ፈተና አለው፤ ሲቸግረው የሚጠይቀው ባልንጀራም አያጣም። እሷ ተረቱን ከእናቷ ትሰማለች፤ ማታ ትጽፈዋለች፤ ጠዋት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ትገለብጠዋለች። ደራሲም አራሚም አታሚም እሷው ናት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ የሚባለው ይህ ነው፤ ለሃምሳው ሰው ጌጥ የሚሆንበት ቀን ግን አልመጣላትም። ደሞዟም ቢሆን ከዚያኛው መምህር አይበልጥም። በዚህ አገር የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ ለወራት እንደሚዘገይ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል።

እሷ ታክታ ሥራውን ስትተው ምን ይሆናል? የእንግሊዝኛ መምህር ቢሄድ ሌላ ይተካል። እሷ ስትሄድ የምታስተምረው ትምህርትም አብሮ ይሄዳል። የትንሽ ቋንቋ መምህር ከትልቅ ቋንቋ መምህር የሚለይበት ዋናው ነጥብ ይህ ይመስለኛል። የትልቁን ቋንቋ ትምህርት መጽሐፉና ፈተናው ተሸክመውታል፤ የትንሹን ግን አንድ ሰው ብቻ ተሸክሞታል።

«ስለ ባሪ የተጻፈ ነገር የለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። አለ። ሚተሩትስነር የተባለ ቄስ በ1867 ብሪክሰን ላይ የባሪን ቋንቋ የሚያጠና መጽሐፍ አሳተመ። በ1933 ደግሞ ስፓኞሎ የተባለ አጥኚ የጻፈው የባሪ ሰዋስው ቬሮና ላይ ታተመ። ሁለቱም ትልልቅ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን የተጻፉት ለሚስዮናዊና ለሊቅ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ የሚያነባቸው አይደሉም። በእንዲህ ያሉ መጻሕፍት ሽፋን ላይ የአጥኚው ስም አለ፤ ቃሉን አንድ በአንድ የነገረው የአገሬው አስተማሪ ስም ቢገኝ በመቅድሙ ውስጥ ነው። ይህ የእኛ የኢትዮጵያውያንም ታሪክ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው በ1698 ፍራንክፈርት ላይ ሲታተም ደራሲው ሂዮብ ሉዶልፍ ተባለ። ሉዶልፍን በ1652 ጎታ ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ያስተማሩት ግን የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። ሉዶልፍ ውለታቸውን አልካደም፤ ስማቸው የቀረልንም እሱ ስለጻፈው ነው። ስንቱ አስተማሪ እንዲህ ያለ ደቀ መዝሙር ሳይገጥመው ቀርቷል!

ወገኖቼ፣ አማርኛ እዚያ አገር ቤት ትልቅ ቋንቋ ስለሆነ ይህ ጉዳይ የሌሎች ይመስለናል። ጁባ ላይ ግን አማርኛ ራሱ ትንሽ ነው። በ1980ዎቹ ኢታንግ፣ ፒኙዶና ዲማ መጠለያ ያደጉ የደቡብ ሱዳን ሰዎች እስከ ዛሬ ይናገሩታል፤ ልጆቻቸው ግን አያውቁትም። የእኛም ልጆች ከሰፈር ጓደኛ ጋር በጁባ ዐረብኛ ይጫወታሉ፣ በእንግሊዝኛ ይማራሉ፣ አማርኛን እቤት ይሰሙታል፤ አያነቡትም። (ጁባ ዐረብኛን ከጠራሁት አይቀር ልበል፤ ከተማውን ሁሉ የሚያግባባው ይህ ቋንቋ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ስሙ እንኳ አልተነሣም።) አሜሪካ ላይም አማርኛ የሚመደበው በጥቂቱ ከሚሰጡ ቋንቋዎች ተርታ ነው። እዚያ ዩኒቨርሲቲ የገባው በመንግሥት ገንዘብ ነው፤ ሶቪየት ኅብረት በ1957 ሳተላይት ስታመጥቅ የደነገጠው የአሜሪካ ምክር ቤት በ1958 ባወጣው ሕግ ለእንዲህ ያሉ ቋንቋዎች ማዕከል፣ ለተማሪው የኑሮ ድጎማ፣ ለመማሪያ መጽሐፍ ዝግጅትም በጀት ቆረጠ። ዓላማው የራሳቸው ጥቅም ነበር፤ መምህሩ የሚሠራበት ቦታ የተገኘው ግን በዚያ ነው።

ከኢትዮጵያ የምንማረው ጥሩውንም መጥፎውንም ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ፤ ታላቅ ሥራ ነበር። ከ15ቱ ውስጥ ግን ኑዌርም አኝዋም አልነበሩበትም። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲፈቅድ ጋምቤላ በኑዌር፣ በአኝዋና በመዠንግር ማስተማር ጀመረች። መጥፎው ደግሞ ወላይታ ላይ የደረሰው ነው። የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ይቀራረባሉ ተባለና ለአራቱ አራት መጽሐፍ ከማሳተም አንድ ይበቃል ተብሎ «ወጋጎዳ» የሚባል ቅይጥ ተፈጠረ፤ መጽሐፉም ታትሞ ትምህርት ቤት ገባ። ማንም እቤቱ የማይናገረውን ቋንቋ አስተምር የተባለው መምህሩ ነው። በ1992 ዓ.ም. ወላይታ ሶዶ ላይ ሕዝቡ ተነሣ፣ ደም ፈሰሰ፣ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ። ወጪ ለመቆጠብ የታሰበው መንገድ ከሁሉ የከፋውን ወጪ አስከተለ። ሐሳቡን ያመነጩት ሰዎች መጽሐፉን ከማሳተማቸው በፊት አንድ የሶዶ መምህር ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ዐውደ ጥናት አብዙ አልልም፤ አበሉ ለሌላ ይተርፋል እንጂ ለመምህሩ አንድ መጽሐፍ አይተርፈውም። አስቀድሞ ቦታው ይከፈት። «የባሪ መምህር»፣ «የኑዌር መምህር» የሚል መደብ በደሞዝ መዝገብ ላይ ይጻፍ። ቋንቋውን የሚናገር ሁሉ ያስተምረዋል የሚለው አስተሳሰብ ይቅር፤ ቋንቋውን ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ ነውና ዲፕሎማ ይሰጥበት። ለልጆች ታሪክ የምትጽፈው መምህርት በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ይቀነስላት፤ የጻፈችው ሲታተም ስሟ ሽፋኑ ላይ ይውጣ፣ ክፍያም ይኑረው። ትንሽ የሚመስል ግን መምህሩን የሚያስመርር ነገር ልጨምር፦ ዲንቃና ኑዌር ሁለት ነጥብ የሚጫንባቸው አናባቢዎች አሏቸው፤ ተራ ኮምፒውተር ላይ ሲጻፉ ነጥቡ ይጠፋል ወይም አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ይመጣል። መምህሩ የፈተና ወረቀቱን ካተመ በኋላ ነጥቦቹን በእስክሪብቶ ሲያስገባ ያመሻል። የሚሠራ የፊደል ገበታ ተጭኖለት ቢሰጠው ይህ ድካም ይቀርለት ነበር።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ የጋምቤላ ነገር ነው። ኑዌርና አኝዋ በድንበሩ በሁለቱም በኩል ይነገራሉ። በዚያኛው በኩል የተዘጋጀ መጽሐፍ አለ፤ በዚህኛው በኩል ያለው መምህር ባዶ እጁን ነው። ጦርነት ሲነሣ ሕዝቡ ያለ ፓስፖርት ተሻግሯል፤ የሁለተኛ ክፍል መማሪያ መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ ለመሻገር አቅቶታል። የጋምቤላ መምህራን ኮሌጅና የጁባ ዩኒቨርሲቲ ክረምት ክረምት መምህራን ቢለዋወጡ፣ መጽሐፉን አብረው ቢያርሙ፣ የሚያግድ የፖለቲካ ጥያቄ አይታየኝም። የመኪና ነዳጅና የሁለት ደብዳቤ ጉዳይ ነው።

የመጨረሻው ቃሌ በዚህ አዳራሽ ለተቀመጣችሁ ነጋዴዎች ነው። ሆቴል ያላችሁ፣ የውሃ ቦቴ የምታሠማሩ፣ ሱቅ የከፈታችሁ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችንን ፊደል የሚያስቆጥር ሰው ካለ ምስጋና ብቻ አትስጡት፤ በየወሩ የሚከፈል ደሞዝ ቁረጡለት። ይህች ከተማ የቆመችው በባሪ ምድር ላይ ነው፤ የምንነግደውም የምንኖረውም እዚሁ ነው። ስለዚህ ለአማርኛው መምህር በቆረጣችሁ ቁጥር በየሰፈራችሁ ላለች አንዲት የባሪ መምህርትም ያንኑ ያህል ቁረጡ።