የአባያ ውሃ ቀይ ነው

የዛሬው መልእክት በተለይ ለመጋባት ለተዘጋጃችሁ ወጣቶችና ለወላጆቻችሁ ነው።

እኛ ባሕር የለንም፤ ሐይቅ ግን አለን። ከጣና ቀጥሎ በስፋቱ የሚጠራው አባያ ደጃችን ላይ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር በባሕር ዳር የሚደረገውን ሰርግ እኛ በአባያና በጫሞ ዳር እናደርገዋለን። አሁን ደግሞ «ቪንቴጅ» የሚሉት መጥቷል። አሮጌ ቮልስ በአበባ ታጌጣለች፤ ሙሽራው እንደ አያቱ ዘመን ይለብሳል፤ ሙሽሪት ዳንቴል ያለው ቬሎ ታደርጋለች። ያምራል! ሰርግ የደስታ ቀን ነው፤ ጌታችንም ሰርግ ተጠርቶ ሄዷል።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከብርብር ሆናችሁ ወደ ምሥራቅ ብትመለከቱ የአባያ ውሃ ሰማያዊ አይደለም፤ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። እንዲህ ያደረገው ከደጋው በጎርፍ ታጥቦ የሚወርደው አፈር ነው። ፎቶው ተስተካክሎ ሲመጣ ግን ውሃው ሰማያዊ ሆኖ እናገኘዋለን። ወገኖቼ፣ ውሃን በኮምፒውተር መቀየር ይቻላል፤ ትዳርን ግን አይቻልም።

እስቲ እናስብ። አንድ ወንድም ሙዝ ያመርታል እንበል። ሙዙ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ሳይደርስ ገንዘቡ አልቋል፤ ለቮልስ ኪራይ፣ ለዲኮር፣ ለቪዲዮ ተበድሮበታል። እጮኛው ይህን አታውቅም። በተጋቡ በሦስተኛው ወር አበዳሪው በር ያንኳኳል። «ለምን አልነገርከኝም?» ትለዋለች። ያቆሰላት ከዕዳው ይልቅ መደበቁ ነው። ሌላው ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሰርግ ገንዘብ እስኪሞላለት ቀኑን ከዓመት ዓመት ያሻግራል፤ እህታችንም ቀለበት አድርጋ ስትጠብቅ ትኖራለች።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ ያለውን የቃና ሰርግ እንመልከት። ወንጌሉ የሙሽሪትን ልብስ አይነግረንም፤ የሙሽሮቹን ስም እንኳ አልጻፈም። ጠጁ ማለቁን ግን ጽፎልናል፤ ኢየሱስ እዚያ መኖሩንም ጽፎልናል። ማርያም ጉድለቱን አልሸፈነችም፤ ሄዳ ለልጇ ነገረችው። አገልጋዮቹም ስድስቱን የድንጋይ ጋኖች የሞሉት በተራ ውሃ ነው። ጌታ ተራውን ውሃ አልናቀም። የእናንተንም ጥቂት አይንቅም፤ ብቻ አትደብቁት።

የድሮውን ከወደዳችሁ፣ ልብሱን ብቻ ለምን? በአያቶቻችን ዘመን ጎረቤት እንጨት ይሸከም፣ ውሃ ይቀዳ፣ ዳስ ይጥል ነበር። ያጋባው ሽማግሌ ጠብ በተነሳ ጊዜ ተመልሶ ያስታርቅ ነበር። ድሮ ሁሉ መልካም ነበር አልልም፤ ልጅቷ ሳትጠየቅ የምትዳረው ያኔ ነበር። እርሱ ይቅር፤ መረዳዳቱና ቃል መጠበቁ ግን ይመለስ። ለልብሱም ቢሆን የዶርዜ ሸማኔ እዚሁ ጋሞ አለላችሁ።

እንግዲህ ይህን አድርጉ። የጥሪ ካርድ ከማሳተማችሁ በፊት ሁለታችሁ ተቀመጡ፤ ያላችሁንና ያለባችሁን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከዚያም ለሚመክራችሁ አገልጋይ አሳዩት። ወላጆች ሆይ፣ «የእገሌ ልጅ ሰርግ እንዲህ ነበር» አትበሏቸው፤ ይህች ቃል ብዙ ልጆችን ዕዳ ውስጥ ከትታለች። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም፣ ከእሑድ አምልኮ በኋላ በሻይና በዳቦ የሚደረገውን ሰርግ እንደ ትልቁ ሰርግ አክብሩት።

በዕዳ ያላችሁ ባለትዳሮችም አላችሁ። ዛሬ ማታ ለትዳር ጓደኛችሁ እውነቱን ንገሩ። ያስፈራል፤ ግን ብቻችሁን አይደላችሁም።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ ወደ ሰርጋችን ብቻ ሳይሆን ከሰርጉ ማግስት ወዳለው ቤታችንም ግባ። የጎደለንን በፊትህ እንድንናገር ድፍረት ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።