ሁለት ቀን በአዲስ አበባ፦ ምን እንይ፣ ምን እንብላ፣ ምኑን እንተው

(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ በዓል ላይ ዓርብ ማታ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው አሥራ አምስት ደቂቃ ሰጥቶኛል። ርእሱም «የቅዳሜና የእሑድ ፕሮግራም» ይላል። ለምን እኔ እንደተመረጥኩ ለምትጠይቁ፦ ከእኛ ባች አገር ቤት የቀረነው ጥቂት ነን፤ ከጥቂቶቹ ውስጥ ደግሞ ኮሚቴው ሲደውል ስልክ ያነሣሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር «ምን ማየት ትፈልጋላችሁ? ምንስ መብላት?» ብዬ ጠይቄያችሁ ነበር። መልሱን ሰብስቤ ብደምረው ሠላሳ አንድ ቦታና አሥራ ሰባት ምግብ ቤት ሆነ። ላሊበላ ሳይቀር አለበት፤ ጎኑ ላይ «ደርሶ መልስ» ተብሎ ተጽፏል። የጻፈው ሰው አሁን እየሳቀ ነው፣ አየዋለሁ። እንግዲህ ሁለት ቀን ላለው ሰው ዋናው ሥራ መሰረዝ ነው፤ እኔም ከዚያ ጀመርኩ።

አዲስ አበባን በኪሎ ሜትር አትለኩ። ከቦሌ ፒያሳ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ማወቅ ምንም አይጠቅማችሁም፤ የሚጠቅመው በስንት ሰዓት እንደምትነሡ ነው። ስለዚህ ነገ ቅዳሜ የምንሄደው በአንድ መስመር ላይ ብቻ ነው፤ ከአራት ኪሎ ወደ ላይ። ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እንጀምራለን፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ መቃብር ያለው እዚያ ነው። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም እንገባለን። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ ተገኝታ፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ለእይታ የተዘጋጀው ቅጂው መሆኑን ለልጆቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የእኔ ልጅ እዚያው ሲሰማ ቅር ብሎት ነበር። የአናቶሚ መምህሮቻችን ግን ዳሌዋ አጠገብ ቆመው ሁለት ደቂቃ ቢያስረዱን ቅጂነቱ ይረሳል።

ከዚያ ስድስት ኪሎ። እዚህ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ለኢትኖሎጂ ሙዚየሙ ሁለት ሰዓት የያዝኩት አውቄ ነው። ብዙዎቻችን ስድስት ኪሎን የምናውቀው ጓደኛ ልንጠይቅ ስንሄድ ነው። ሙዚየሙ ያለበት ሕንፃ የድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው በዚያ ግቢ ነው፤ ተከትሎ ለመጣው ጭፍጨፋ መታሰቢያ የሆነው ሐውልት ከበሩ ውጪ አደባባዩ ላይ ቆሟል። በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ባለሥልጣናቱ የተገደሉትም እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ንጉሡ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ መኝታ ክፍላቸው ይታያል፤ መታጠቢያ ቤታቸውም ጭምር። አንድ ቤት ይህን ሁሉ ሲሸከም ሌላ የት ታያላችሁ?

ወደ ታች ከመመለሳችን በፊት ሽሮ ሜዳ እንቆማለን። የአገር ልብስ ገበያ ነው። አርባ አምስት ደቂቃ ብያለሁ፤ ሴቶቹ እንደማታከብሩት አውቃለሁ፣ ወንዶቹም ብትሆኑ።

እንጦጦን ለእሑድ ያቆየሁት በምክንያት ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። ከባሕር ዳርቻ ከተማ ትናንት ማታ የገባ ሰው ነገ ጠዋት እዚያ ዳገት ላይ ምን ይሠራል? አትሌቶቻችን የሚሮጡበት ዳገት ነው እኮ። ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ደረጃ ላይ ትንፋሽ ማጠር ይኖራል፤ አብዛኛው በቀን በሁለት ቀን ይለቃል። ውኃ ጠጡ፣ በመጀመሪያው ማታ መጠጡን ቀነስ አድርጉ። የልብ ድካም ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት፣ ሲክል ሴል ያለበት ልጅ ያላችሁ፣ ከመውጣታችን በፊት ለአንዳችን ንገሩ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት ስፔሻሊስት እንዳለ አውቃለሁ፤ በሽታውን የሚደብቀውም ያው እሱ እንደሆነ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ምግቡ። ዛሬ ዓርብ ስለሆነ ከፊታችሁ ያለው በየዓይነቱ ነው፤ ቅር አይበላችሁ፣ ምስሩና ሽሮው ከነገው ሥጋ አያንስም። ነገ ቁርስ ፉል ወይም ጨጨብሳ፤ ጠዋት ሙዚየም ለሚዞር ሰው እኔ ፉል እመርጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ጁስ ቤት ገብታችሁ ስፕሪስ ለልጆቹ አስቀዱላቸው፤ ቀለማቱ ተደራርበው ሲመጡ ፎቶ ያነሡታል፣ ከዚያ ይጠጡታል። በረዶ እንዳይገባበት ግን ንገሩ።

ምሳ ላይ ክትፎ አለ። አሥራ ስድስት ሰው ጠይቋል፤ ዘጠኙ «ጥሬ» ብሎ አስምሮበታል። እኔም እበላለሁ፣ መነኩሲት ነኝ አልልም። ግን የተማርነውን አንርሳ፦ ለብለብ የኮሶን ትል እጭ አይገድልም። ላዩ ሞቆ መሀሉ ቀይ ከሆነ ጥሬ ነው፣ አለቀ። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ የሚጠጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። እናንተ የምትበሉት ነገ ነው፤ ትሉ አድጎ ራሱን የሚያሳየው ግን ከሁለት ወር ተኩል ሦስት ወር በኋላ፣ ሜሪላንድ ወይም ስቶክሆልም ቤታችሁ ስትሆኑ ነው። ያኔ የሥራ ባልደረባችሁ ሐኪም ደንግጦ የማያስፈልግ ምርመራ ሁሉ ሳያዝዝ በፊት ንገሩት፤ አንድ ጊዜ የሚወሰድ ፕራዚኳንቴል ይበቃዋል። እርጉዝ የሆነች፣ መከላከያ አቅም የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ፣ ልጆችም፣ በደንብ የበሰለውን ይብሉ። «አሳፋሪ ነው» የሚል አስተናጋጅ ካለ ወደ እኔ ላኩት። ጥሬ ሥጋ ቆርጠን ካልበላን ለምትሉም፣ የቄራ ማኅተም ያለበትን ሥጋ ከሚሸጥ ቤት ውጪ አልሄድም።

እሑድ ጠዋት ፒያሳ ነን። እዚህ ላይ ከኮሚቴው ጋር ተከራክረናል፤ ነገሩን ልንገራችሁ።

ከመካከላችን አንዱ፣ አስፈቅጄዋለሁ ግን ስሙን አልጠራም፣ ዝርዝሩ ላይ የጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ «ዶሮ ማነቂያ፣ ያደግኩበት ቤት፣ ለልጄ ላሳያት።» ልጁ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አዲስ አበባን አይታ አታውቅም። እሱም ከመጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ያውቃል፤ በስልኩ አይቷል። ቢሆንም ጻፈው።

ሥራ ስጨርስ ሄጄ አየሁት። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛ መንገዱ ንጹሕ ነው፣ መብራቱ ያምራል። እውነቱን ለመናገር ማታ ማታ እናቴን ይዤ የምሄደው እንዲህ ባለው አዲስ መንገድ ላይ ነው፤ ድሮ ድንጋይ እየዘለለች ትሄድ የነበረች ሴት ዛሬ ቀጥ ብላ ትራመዳለች። ያም ሆኖ ቤቱ የት ጋ እንደነበር ለልጅቷ ማሳየት አይቻልም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። «ከዚህ በታች፣ ወደዚያ ጋ» ብሎ በእጅ ማመልከት ነው።

ስለዚህ ሰው ፈለግሁ። እናቱ ሆስፒታል ሥራ ሲያድሩ እሱን ያበሉት የነበሩት ጎረቤት፣ እማማ የሚላቸው፣ አሉ። ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ውኃው ሁልጊዜ አይመጣም፤ ከሁሉ የጎዳቸው ግን ዕድርተኛው መበተኑ ነው። «የሚያለቅስልኝ ሰው አሁን አራት ታክሲ ይቀይራል» አሉኝ እየሳቁ። ስሙን ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ዛሬም ጎመን አይበላም?» ብለው ነው።

መንገዱ ከፒያሳ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ደርሶ መልስ ከነቡናው ግማሽ ቀን ማለት ነው። ኮሚቴው ለእሑድ ከሰዓት የሳይንስ ሙዚየምንና አንድነት ፓርክን ይዞ ነበር። እኔ ሁለቱም ይሰረዙ አልኩ። «ለአንድ ሰው ብለን?» ተባልኩ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ዝርዝራችሁን መልሼ አየሁት። አንዷ የጉለሌ አክስቷን ስም ምግብ ቤት መስሎ ጽፋዋለች። ሌላው ኢንተርን ሳለን ዋርድ ውስጥ ያሠለጠነችንን፣ አሁን ጡረታ የወጣችውን ሲስተር ይጠይቃል። ሙዚየሙ ለሚቀጥለው ጊዜ ይቆያል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። በመጨረሻ ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ብልጫ ተስማምቷል። የተቃወሙትም ዛሬ ማታ ምሳ ዕቃ ተበድረው አክስታቸው ቤት ሊሄዱ ነው፣ ሰምቻለሁ።

በዚህ መሠረት እሑድ እንዲህ ይሆናል፦ ማለዳ እንጦጦ በአውቶቡስ፣ ማርያም ቤተ ክርስቲያንና የምኒልክ ቤተ መንግሥት፤ ረፋድ ላይ ፒያሳ፣ ማኪያቶ እ.ኤ.አ. በ1953 በተከፈተው ቶሞካ፤ ከዚያ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ጥቁር አንበሳ። ትግላችን ሐውልት ፊት የባቹን ፎቶ እንነሣለን፤ ለስንት ዓመት ከመስኮት ስናየው ኖረን አንድም ቀን ሥሩ አልቆምንም። ከምሳ በኋላ ፕሮግራም የለም። መኪና የሚፈልግ ለእኔ ይንገረኝ፣ አምስት አዘጋጅቻለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሽማግሌ ቤት የምትሄዱ ቸኮሌት አትያዙ፤ ግማሾቹ ስኳር አለባቸው። የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ይዛችሁ ከመጣችሁ ግን ከማሽኑ ጋር የሚገጥም መሆኑን አይታችሁ ስጧቸው። እማማ ያላቸውን ማሽን ዓይነት ለጓደኛችን ነግሬዋለሁ፤ አራት ፓኬት ይዟል።

ነገ አውቶቡሱ የሚነሣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። በአሜሪካ አቆጣጠር ስምንት ማለት ነው፣ ከሰዓት 8 እንዳይመስላችሁ። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ፣ ነጠላ ያላችሁ ያዙ። ራቱ እንዳይቀዘቅዝ።