ታብሌት ስለ መምረጥና ስለ መገልገል
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር



ርእሴ ታብሌት ነው። የመረጥሁበትን ምክንያት አልደብቅም፤ በዚህ ነገር አባቴን አክስሬያቸዋለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት አባቴ ለእኔና ለታናሽ እኅቴ መማሪያ የሚሆን ታብሌት ለመግዛት ብዙ ወራት ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ቆይተው፣ «አንተ የተማርኸው ምረጥ» ብለው ወደ ሱቅ ይዘውኝ ሄዱ። እኔም ቀለሙ ያማረውን፣ ስሙን ግን ሰምቼው የማላውቀውን ባለ 7 ኢንች አነሣሁ። ካርቶኑ ላይ «16 ጊጋባይት» የሚል ስላየሁ ብዙ መሰለኝ። ቤት ገብተን ስንከፍተው ግን የዚያን ቦታ እኩሌታ ያህል መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው አንድሮይድ ራሱ ይዞታል። አንድሮይዱም ያረጀ ኖሮ ዓመት ሳይሞላው የምንፈልጋቸው መተግበሪያዎች አንጫንም አሉ።

ታብሌት በየቤቱ መግባት የጀመረው ስቲቭ ጆብስ የአፕልን አይፓድ እ.ኤ.አ. በ2010 ካሳየ ወዲህ ነው። ያ የመጀመሪያው አይፓድ 9.7 ኢንች ሆኖ መነሻ ዋጋው 499 ዶላር ነበር። በማግሥቱ ዓመት አማዞን ኪንድል ፋየርን በ199 ዶላር አወጣ። ርካሽና ውድ እየተባለ ማነጻጸሩም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አላቋረጠም።

አይፓድ ለብዙ ዓመታት እድሳት ስለሚደርሰው ቶሎ አያረጅም፤ ነገር ግን ዋጋው ከባድ ነው፣ ሚሞሪ ካርድም አይቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤ9 ግን ካርድ ይቀበላል። ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ መማሪያ መጻሕፍትን ከጓደኛ በካርድ ገልብጦ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላልና። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው የአማዞን ፋየር ደግሞ የጉግል መደብር አብሮት አይመጣም። ላኪው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው።

ስለ መጠኑ ጥቂት ልጨምር። ኢንቹ የሚለካው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ነው። ስለዚህ ቅርጻቸው አንድ ከሆነ የ10 ኢንቹ ስክሪን ስፋት ከ7 ኢንቹ እጥፍ ያህል ይሆናል፤ 100ን ለ49 ማካፈል ነው። የሒሳብ መምህራችን ይህን አስተምረውኝ ሳለ በሱቁ ውስጥ ትዝ አለማለቱ ያሳፍረኛል። የፊዚክስ መጽሐፋችን ገጽ በ7 ኢንች ላይ ሲከፈት ፊደሉ እንደ ጤፍ ያንሳል፤ ሲያሰፉት ደግሞ ሥዕሉ ከስክሪኑ ይወጣል።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ገንዘቡን ሳትከፍሉ መሣሪያውን አስከፍቱ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የአንድሮይዱን ቁጥርና የቀረውን ባዶ ቦታ ተመልከቱ። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር ግድ የለም።

የእኛን ታብሌት አልጣልነውም። ጨዋታውንና ቪዲዮውን ሁሉ ደምስሼ የ8ኛ ክፍል መጻሕፍትና መዝገበ ቃላት ብቻ ጫንሁበት። የብርሃኑንም ኃይል ስለ ቀነስሁት መብራት በጠፋ ምሽት እኅቴ ታጠናበታለች። አባቴ አሁን እንደ ገና እያጠራቀሙ ነው፤ እኅቴም በዚህኛው ጊዜ ምርጫው የእርሷ እንዲሆን ጠይቃለች።