የፈረንሳይ ወንዶች መጠሪያ ስም፦ ሥርወ ቃል፣ ትርጉምና ሰያሚ



የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው በፈረንሳይ ወንዶች መጠሪያ ስም ላይ ነው። ርዕሱ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ስሞችን ከነፍቺያቸው የሚዘረዝሩ መጻሕፍት ሞልተዋል፤ «ሉዊ ማለት ዝነኛ ተዋጊ ነው፤ ሮቤር ማለት በዝና ያበራ ነው» ይሉናል። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ላስቀድም፦ የስም ትርጉም የሚገኘው በሥርወ ቃሉ ውስጥ ነው ወይስ ስሙን በሚሰጠው፣ በሚፈቅደውና በሚሰማው ኅብረተሰብ ዘንድ? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

እኛ «ተስፋዬ» ወይም «ማስረሻ» የሚል ስም ስንሰማ መዝገበ ቃላት አንገልጥም። ስሙ ራሱ የወላጅን ምኞት ወይም ሐዘን ይነግረናል። ፈረንሳዊው አባት ግን ልጁን «አንሪ» ብሎ ሲጠራ፣ ቃሉ በዕለት ተዕለት ቋንቋው ውስጥ ፍቺ የለውም። እንደ «ፒየር» ያሉ፣ ስምም «ድንጋይ»ም የሆኑ ቃላት ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የፈረንሳይን ስሞች መመርመር እንደ አፈር ድርብርብ የታሪክ ንጣፎችን መቆፈር ነው።

ከእነዚህ ንጣፎች አንዱ ጀርመናዊ ነው። በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍራንኮች በሮማውያን ትገዛ በነበረችው ጎል ላይ ሲሠለጥኑ፣ ከሁለት ቃላት የተጣመሩ ስሞቻቸውን ይዘው መጡ። የንጉሥ ክሎቪስ ስም «ዝና» እና «ውጊያ» የሚሉ ሁለት ቃላት ጥምር ነው። ይኸው ስም በላቲን «ሉዶቪኩስ» ሆኖ፣ በፈረንሳይኛ አፍ ተለዝቦ «ሉዊ» ሆነ፤ የነገሥታቱም ቁጥር እስከ 18ኛው ሉዊ ደረሰ። «ጊዮም» ከ«ፈቃድ» እና ከ«ራስ ቁር»፣ «አንሪ» ከ«ቤት» እና ከ«ገዢ» የተጣመሩ ናቸው። «ሻርል» ደግሞ «ነፃ ሰው» ከሚል ነጠላ ቃል የመጣ ነው። ይሁንና ፍራንኮች ብዙ ጊዜ ከአባት ስም አንዱን ክፍል፣ ከእናት ስም ሌላውን ወስደው ለልጃቸው ያጣምሩ ነበር። ዓላማቸው ዘርን ማመልከት ስለነበር፣ ሁለቱ ቃላት ተጋጥመው አንድ ሐሳብ እንዲሰጡ አይጠበቅም ነበር። «ዝነኛ ተዋጊ» የሚለው ፍቺ እንግዲህ በአመዛኙ የእኛ የኋለኞቹ ንባብ ነው።

ሁለተኛው ንጣፍ ክርስቲያናዊ ሲሆን፣ ለእኛም ባዕድ አይደለም። «ዣን» የእኛው ዮሐንስ፣ «ዣክ» ያዕቆብ፣ «ኤቲየን» እስጢፋኖስ ነው። የመጨረሻው በተለይ ትኩረት ይገባዋል። የግሪኩ «ስቴፋኖስ» ማለት አክሊል ነው። በ«ስ» እና በሌላ ተነባቢ የሚጀምር ቃል ለጥንቱ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ስለከበደው፣ ከፊቱ አናባቢ ጨምሮ «ኤስቲየን» አለው፤ ኋላም «ስ» ወደቀችና «ኤቲየን» ሆነ። ግእዝም በበኩሉ «እ»ን ከፊት አስቀድሞ «እስጢፋኖስ» ብሏል። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ ለአንድ ችግር አንድ መፍትሔ አገኙ። ከትሬንት ጉባኤ በኋላ፣ በ1566 የወጣው የካቶሊክ ትምህርተ ሃይማኖት ለተጠማቂ የቅዱሳን ስም እንዲሰጥ አሳሰበ፤ ቤተ ክርስቲያንም በስም አሰጣጥ ላይ ያላት ሥልጣን ጸና።

ሦስተኛው ሰያሚ መንግሥት ነው። በመስከረም 1792 አብዮታዊው ምክር ቤት የልደት ምዝገባን ከካህናት ወስዶ ለማዘጋጃ ቤቶች ሰጠ። በዚያ ዘመን «ብሩቱስ» የተባሉ ሕፃናት ነበሩ። የሚያዝያ 1 ቀን 1803 ሕግ ግን በሩን አጠበበው፦ የሚመዘገቡት በልዩ ልዩ የቀን መቁጠሪያዎች ውስጥ ያሉ ስሞችና የጥንት ታሪክ ሰዎች ስሞች ብቻ እንዲሆኑ፣ መዝጋቢውም ሌላ እንዳይቀበል አዘዘ። የሕጉ ጫና በብሪታኒ ጎልቶ ታየ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ልጆቹን በብሬቶንኛ የሰየመ አንድ ቤተሰብ ምዝገባ ተከልክሎ፣ አንዳንዶቹ ልጆች ለዓመታት ያለ ሕጋዊ ሰነድ ኖረዋል። በ1966 የወጣ መመሪያ አሠራሩን አላላ፤ የጥር 1993 ሕግ ደግሞ ምርጫውን ለወላጆች ሰጠ። ዛሬ መዝጋቢው ስሙን ይመዘግባል፤ የልጁን ጥቅም ይጎዳል ብሎ ካመነ ግን ጉዳዩን ለዐቃቤ ሕግ ያሳውቃል፤ የሚወስነው ዳኛ ነው።

ልማድ ግን ሕግን ቀድሞ ነበር። ሕጉ ከመውጣቱ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1991፣ ለፈረንሳይ ወንዶች ልጆች በብዛት የተሰጠው ስም የአየርላንዱ «ኬቪን» ነው። በሥርወ ቃሉ «ያማረ ልደት» ማለት ነው። ሆኖም ስሙ በሠራተኛው መደብ ዘንድ ስለተስፋፋ ብዙም ሳይቆይ መሳለቂያ ሆነ፤ የስሙ ባለቤቶች አድገው ሥራ ሲፈልጉም ንቀቱ ተከተላቸው። ያማረው ሥርወ ቃል አላዳናቸውም።

በመጨረሻ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ላንሣ። በ2017 በብሪታኒ ካምፔር ከተማ ወላጆች ልጃቸውን «ፋንሽ» ብለው ሰየሙ። በስሙ ውስጥ ባለችው የ«ን» ፊደል ላይ፣ ድምፁ በአፍንጫ እንደሚነገር የምታመለክት ሞገድ መሰል ምልክት አለች። ምልክቲቱ ፈረንሳይኛ ከሚቀበላቸው ውስጥ አይደለችም ተብሎ የከተማው ፍርድ ቤት ከለከላት፤ የአገርን አንድነትም በምክንያትነት ጠቀሰ። በ2018 የሬን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሽሮ ምልክቲቱን ፈቀደ። ልብ በሉ፦ «ፋንሽ» የ«ፍራንስዋ» ብሬቶንኛ መልክ ነው። «ፍራንስዋ» ደግሞ ጥንት «ፈረንሳዊ» ማለት ነበር። በአገር አንድነት ስም የተከለከለው፣ ትርጉሙ «ፈረንሳዊ» የሆነ ስም ነበር።

ውድ ተማሪዎች፣ ስለ ስም ስታጠኑ «ምን ማለት ነው?» ብላችሁ አትቁሙ። ከየትኛው ቋንቋ መጣ? በማን አፍ ተለወጠ? ማን ፈቀደው፣ ማንስ ከለከለው? የሚሸከመውስ ሰው ምን ከፈለበት? ብላችሁ ጠይቁ። ሥርወ ቃል የስምን ልደት ይነግረናል፤ ሕይወቱን የሚነግረን ግን ታሪክ ነው።