የአየር ሽፋንና የተርባይን ብሌድ (ለማኅበሩ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



እንደሚታወቀው የጋዝ ተርባይን ከነዳጁ ብዙ ሥራ የሚያገኘው የጋዙ ሙቀት ከፍ ባለ መጠን ነው። በዘመናዊ የጄት ሞተር ውስጥ ከማቃጠያው ክፍል የሚወጣው ጋዝ ከ1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል፤ ብሌዶቹ የሚሠሩበት የኒኬል ቅይጥ ግን ገና 1400 ዲግሪ ሳይደርስ ይቀልጣል። ብሌዱ ከጥፋት የሚድነው ከኮምፕረሰሩ የተቀነሰ አየር በውስጡ አልፎ፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች እየወጣ፣ ገጹን በስሱ ስለሚሸፍነው ነው።

ታዲያ አየሩን ማብዛት ብቻ ይበቃልን? አይበቃም። ነገሩን የሚወስነው ሉድቪግ ፕራንትል በ1904 (እ.ኤ.አ.) ያስረዳው፣ ገጹን ተከትሎ የሚፈሰው የወሰን ንጣፍ ነው። ንጣፉ ነውጠኛ በሆነ ጊዜ አዙሪቶቹ ትኩሱን ጋዝ ወደ ገጹ እያመጡ፣ ቀዝቃዛውን አየር ከገጹ እያራቁ ሽፋኑን ያሳሱታል። የአየሩ ጥግግት በፍጥነቱ ተባዝቶ ለዋናው ጋዝ ተመሳሳይ ብዜት ሲካፈል የመንፊያ ምጣኔ ይገኛል። የሁለቱ ጥግግት ሲቀራረብ፣ ቀዳዳዎቹም ክብና ወደ 35 ዲግሪ ያዘነበሉ ሲሆኑ፣ ምጣኔው ከ0.5 ገደማ ካለፈ አየሩ ከገጹ ይነሣል፤ ትኩሱም ጋዝ ከሥሩ ይገባል። እንግዲህ አየር በተጨመረ ቁጥር ብሌዱ ይብስ ይሞቃል።

ይህን በእሳት መካከል መለካት አዳጋች ስለሆነ ተመራማሪዎች ወደ ቁስ ዝውውር ዞሩ። በነውጠኛ ፍሰት ሙቀትንም ቁስንም የሚያመላልሱት እነዚያው አዙሪቶች ናቸው፤ ስለዚህ የነውጡ የሉዊስ ቁጥር ወደ 1 እስከ ቀረበ ድረስ፣ በሙቀት ፈንታ የጋዝን መጠን መለካት ይቻላል። ፔደርሰን፣ ኤከርትና ጎልድስታይን በ1977 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ጥናት በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። ሌላ ጋዝ የተቀላቀለበትን አየር በቀዳዳዎቹ አስወጥተው፣ በገጹ ላይ የተገኘውን መጠን ለኩ። የሚወጣው ጋዝ ከዋናው ይልቅ ከባድ ሲሆን፣ ምጣኔው ቢጨምርም ሽፋኑ ከገጹ ቶሎ እንደማይለይ ታየ። በሞተር ውስጥም የሚቀዘቅዘው አየር ከጋዙ ይልቅ ከባድ ስለሆነ፣ ውጤቱ ለሥራ ጠቃሚ ነው።

ጎልድስታይን፣ ኤከርትና ቡርግራፍ በ1974 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት ደግሞ፣ ቀዳዳው ወደ መውጫው እየሰፋ ሲሄድ የአየሩ ፍጥነት ይቀንሳል፤ አየሩም ገጹን አይለቅም።

ለማቀዝቀዣ የሚወሰደው አየር ሥራ ወጥቶበት የታመቀ ነው፤ በከንቱ የባከነው ሁሉ ከሞተሩ ጉልበት ይቀነሳል። ስለሆነም ነዳፊው መሐንዲስ አየር ከመጨመሩ አስቀድሞ፣ የወጣው አየር ከገጹ ጋር ምን ያህል ርቀት እንደሚጓዝ ሊመረምር ይገባዋል።