ያለ ፈቃድ የነደፈው መምህር
ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



ያለ ፈቃድ የሕንፃ ንድፍ ሥራ መሥራት በሕግ ያስቀጣል ሲባል፥ አብዛኛው ሰው በዐይነ ሕሊናው የሚያየው የሐሰት ማኅተም አስቀርፆ የባለቤቱን ገንዘብ የሚበላውን አታላይ ነው። ለእንዲህ ዐይነቱ ሰው የሚራራ የለም። ሕጉ በእውነት የሚፈተነው ግን ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘ እንደሆነ ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1906 በቬኒስ የተወለደው ካርሎ ስካርፓ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። በ1926 ከከተማው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ያገኘው ዲፕሎማ የሕንፃ ንድፍ ለማስተማር የሚያበቃው ነበር እንጂ፥ በአርክቴክትነት ለመፈረም መብት የሚሰጠው አልነበረም። በጣሊያን በ1923 የወጣው ሕግ የመሐንዲስንና የአርክቴክትን ስምና ሙያ አስከበረ፤ የ1930ው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም በ348ኛው አንቀጽ፥ ፈቃድ የሚያስፈልገውን ሙያ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሰው እስከ ስድስት ወር በሚደርስ እሥራት ወይም በገንዘብ መቀጮ እንዲቀጣ ደነገገ። ስካርፓ ግን ለፈቃድ የሚያበቃውን የመንግሥት ፈተና አልቀመጥም አለ። በዚህም የተነሣ ለአርክቴክቶች መምህር የነበረው ሰው፥ ለገዛ ፕላኑ ፈቃድ ያለው ባልደረባ መፈለግ ግድ ሆነበት። የሚያውቁትም «አርክቴክት» በማለት ፈንታ «ፕሮፌሰር» ይሉት ነበር።

በ1956 ብሔራዊውን የኦሊቬቲ የሥነ ሕንፃ ሽልማት ተቀበለ። በዚያው ዓመት የባለሙያዎችን መዝገብ የሚጠብቀው የቬኒስ አርክቴክቶች ማኅበር፥ ያለ ፈቃድ ይሠራል ሲል ከሰሰው። ክሱ ግን በነፃ መለቀቅ ተደመደመ፤ ስካርፓም በቬሮና የሚገኘውን የካስቴልቬኪዮን ቤተ መዘክር ወደ ማደሱ ሥራ ገባ።

ከሳሹን ማኅበር መውቀስ ዛሬ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ማኅበሩ ይጠብቀው የነበረው በር፥ እንደ ስካርፓ ያለ ችሎታ ሳይኖራቸው እንደ ስካርፓ ያለ ፈቃድ ለመሥራት የሚሹትንም የሚያግድ በር ነበር። ዳኛ ችሎታን በዐይኑ አይቶ አይመዝንም፤ የሚያየው ሰነድ ነው።

ይልቅስ ብዙ ያልተነገረለት፥ ማኅተሙን የሚያውሰው ባለ ፈቃድ ነው። ንድፉን መርምሮ፥ ኃላፊነቱንም ተቀብሎ የሚፈርም አለ፤ ሳያነብ የሚፈርምም አለ። በ2018 የጣሊያን ሕግ ቅጣቱን ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት እሥራትና ከ10,000 እስከ 50,000 ዩሮ መቀጮ ሲያደርሰው፥ ሌላውን ለዚህ ወንጀል የሚያነሣሣውን ወይም ሥራውን የሚመራለትን ባለሙያ ደግሞ ከዚያ አብልጦ፥ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሠር አዘዘ። ጥፋተኛው በሕጋዊ መንገድ ሌላ ሙያ የሚሠራ ከሆነም፥ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ከሙያው እንዲታገድ ፍርዱ ለራሱ ማኅበር ይላካል።