ጣራው የማን ነው?

(በማህበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ጣራ ገዳም ሥር ተሰብስበን ስለ ጣራ ልናወራ ነው፤ የቦታው ስም ራሱ ጋበዘን።

እኛ ደብረ ታቦር በአንድ የጋራ ሕንፃ የምንኖር ዘጠኝ አባላት ነን። መብራት ሲጠፋ ስፌቱ ይቆማል፤ ልጆች ደብተራቸውን ይዘጋሉ። ባለፈው ጥር ከመካከላችን አንዷ የሠርግ ልብስ ሳታደርስ ቀርታ የተቀበለችውን ቀብድ መልሳለች። ሶላር ለማስገባት የተነሳነው ያኔ ነው።

መጀመሪያ ጥፋታችንን እንናገር። ከቁጠባችን ተበድረን ሁለት ፓኔል ገዛን፤ ማንንም ሳንጠይቅ ቆርቆሮውን በስተን አሰርን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በሦስተኛው ቀን የሕንፃው ኮሚቴ አስወረደን። ለባለሙያ የከፈልነው ገንዘብ ቀልጦ ቀረ፤ በመዝገባችን ላይ «ኪሳራ» ብለን የጻፍነውም እኛው ነን።

ኮሚቴው ልክ ነበር። ስለ ጋራ ሕንፃ በወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የግል የሆነው ቤታችን ነው፤ ጣራው የሁሉም ነው። የጋራውን የሚያስተዳድረው ደግሞ የቤት ባለቤቶቹ ማህበር ነው። ስለዚህ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከጎረቤት ነው።

ጎረቤቶቻችንን ቤት ለቤት ዞረን ሰማን። መጨረሻው ፎቅ ላይ ያሉት እማማ «ጣራው ቢያፈስ የሚረጥበው የእናንተ ፓኔል አይደለም፣ የእኔ አልጋ ነው» አሉን። እውነታቸውን ነበር፤ እኛ የበሳነው ቦታ ያፈስ ነበር። አስጠግነን፣ ይቅርታ ጠይቀን፣ ማመልከቻውን እንደገና ጻፍን።

በማመልከቻው ላይ ያሰፈርነው ይህ ነው፦

አንደኛ፣ ለአንድ ቤት የሚያስፈልገው ኃይል። ባለ 5 ዋት አራት አምፖል ለ5 ሰዓት 100 ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ባለ 100 ዋት የስፌት መኪና ለ4 ሰዓት 400፤ ስልክና ሬዲዮ 60። ድምሩ 560 ነው። ባለ 200 ዋት ፓኔል በቀን 5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ 1,000 ይሰጣል፤ ሲሶው ይባክናል ብንል እንኳ ይበቃል። በክረምት ደመና ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚወስድ አይታሰብም።

ሁለተኛ፣ የቦታ ድርሻ። ጣራውን በቤቶቹ ቁጥር አካፍለን ከድርሻችን በላይ ላለመያዝ ፈረምን፤ ነገ ሌላው ቢፈልግ ቦታው አለ። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ስለሆነች ፓኔሉ ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ይላል፤ ዝናቡም አቧራውን ያጥበዋል።

ሦስተኛ፣ ኃላፊነት። ለመብረቅ የምድር ሽቦ እንዘረጋለን፤ ቢያፈስ እንጠግናለን፤ ቤት ስንለቅ በራሳችን ወጪ እናነሳለን።

አራተኛ፣ የጋራ ጥቅም። የደረጃውን መብራት ከእኛ ባትሪ እናበራለን። በስብሰባው ላይ ብዙ እጅ ያስነሳው ይሄ ነው። ማታ ደረጃ ላይ ያልወደቀ ማን አለ? እማማም እጃቸውን አወጡ።

አሁን የአራታችን ቤት በርቷል። ዘጠኛችንም አለማለታችንን ልብ በሉ። አምስታችን ተከራዮች ነን፤ ተከራይ ደግሞ በባለቤቶች ስብሰባ ድምፅ የላትም። አከራዮቻቸው እስካሁን በጽሑፍ አልፈቀዱላቸውም። ቀብዷን የመለሰችው እህታችንም ከእነዚህ አንዷ ናት።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። ማህበራችን አከራዮች የሚፈርሙበት አንድ ዓይነት የስምምነት ቅጽ ያዘጋጅ። ለሶላር ብድር ሲሰጥም ገንዘቡ የሚወጣው ፈቃዱ በእጅ ከገባ በኋላ ይሁን። ደጋፊዎቻችንም ፓኔል ከመግዛታችሁ በፊት የፈቃዱን ወረቀት ጠይቁን። ገንዘባችሁ እንደ መጀመሪያው ገንዘባችን ጣራ ላይ እንዲቀር አንፈልግም።